የአህያዋን ኮቴ የተማረችው መኪና

አንድ ጊዜ፣ በሪሞት የምትነዳ ትንሽ መኪና የጫካውን አውሬ ሁሉ እንቅልፍ የነሳችበት በጋ ነበር። በዚያው በጋ ሣሩ ደርቆ፣ ምንጩ ነጥፎ፣ ለምለም ሆኖ የቀረው የወንዙ ዳር መስክ ብቻ ነው። በመስኩ የተነሳ ጠብ ሲበዛ ንጉሥ አንበሳ እንዲህ ብሎ አዋጅ አስነገረ፦

«ስማ፣ ያልሰማህ ስማ! በደረቁ ሐይቅ ላይ የሪሞት መኪና ውድድር ይደረጋል። አሥር ዙር ዞሮ የቀደመ መስኩን እስከ ክረምት ይይዛል። ማን ገብቶ ይጋጥ፣ ማን ይጠጣ የሚለውም እሱ ነው።»

አያ ጅቦ ይህን ሲሰማ ምራቁን ዋጠ። ሣር እንደማይበላ ማን ያጣዋል? ግን መስኩ በእጁ ከገባ የተጠማ ሁሉ በአፉ ሥር ማለፉ አይቀርም! ከሁሉ ይልቅ የደነገጠችው ከነጋዴ ጠፍታ ጫካ የገባችው እመት አህያ ናት፤ ገና ጡት ያልጣለ ውርንጭላ አላት። ጅብ ወደ ውርንጭላው እያየ፣

«አይዞሽ እመት አህያ፣ መስኩን ስይዝ ልጅሽን ራሴ ውኃ አጠጣዋለሁ» አላት።

«አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ!» አለችውና እሷም ልትወዳደር ቆረጠች።

የጫካው መካኒክ እመት ቀበሮ ነበረች። ከማንም አትጣላም፤ ያሸነፈው የመስኩን አይጥ ሊተውላት ከሁሉም ጋር ተስማምታለች። መጀመሪያ ጅብ መጣ። ቀበሮ የገጠመችለትን መኪና ሞተር ከፍታ አሳየችው።

መሃሉ ላይ ማግኔት የለበሰ ዘንግ አለ፤ ዙሪያውን የሽቦ ጥቅሎች ከበውታል። ዘንጉና ጥቅሎቹ ግን ጨርሶ አይነካኩም! ታዲያ ምን ያዞረዋል? የክብሪት ሳጥን የምታህል መቆጣጠሪያ አለች፤ የባትሪውን ኃይል ከጥቅል ወደ ጥቅል የምታዘዋውረው እሷ ናት። አንዱ ጥቅል ማግኔቱን ይጠራዋል፤ ሊደርስ ሲል ያ ዝም ይልና ቀጣዩ ይጠራዋል። ማግኔቱ የጠራውን ሁሉ ሊደርስበት ሲሮጥ፣ ዓይን ሊከተለው በማይችል ፍጥነት ይሽከረከራል። እጅ የማይነካው፣ ዓይን የማያየው ጉልበት! ጅብ እንኳ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ያውም ለመብላት አይደለም።

ወዲያው ግን ልማዱ ተነሳበት። «ጎማውን ለማዞር ዘንጉ ላይ ከሚገቡት ባለ ጥርስ ጊሮች ትልቁ የቱ ነው?»

«ይኸው። በደንብ ያስበርራል። ግን ለሞተሩ ከባድ ጭነት ነው፤ ይግላል።»

«ትልቁን ግጠሚልኝ!»

«ሲግል ደግሞ መቆጣጠሪያዋ እንዳይቃጠል ብላ ኃይል ትቀንሳለች።»

«የእኔን ኃይል? ማን ሆና ነው የምትቀንሰው! ይህን ጠባይዋን አጥፊልኝ።»

«አያ ጅቦ፣ እሱ እንኳ ባይጠፋ…»

«አጥፊ አልኩሽ! አለዚያ አንቺን ነው የማጠፋሽ!»

«ለአያ ጅቦማ የሚሳነኝ የለም» አለችና አጠፋችው።

ቀጥላ አህያ መጣች። የሪሞቱን ቃታ በኮቴዋ ብትስበው መኪናዋ እንደ ኤሊ ተንፏቀቀች። ዛፍ ላይ ያሉ ጦጣዎች በሳቅ ሊወድቁ ደረሱ። ቀበሮ ሪሞቱን ተቀብላ በቀጭን ጣቷ ስትስበው ግን መኪናዋ አቧራ አስነስታ ተፈተለከች።

«አየሽ? ዕቃው ደህና ነው። ኮቴሽ ቃታውን ከግማሽ በላይ አይስበውም። ተፈጥሮሽ ነው፣ ምን ላድርግሽ?»

አህያ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ አሰበች። «እስቲ ልጠይቅሽ። ሙሉ ማለት ምን ያህል እንደሆነ ለዚህች መቆጣጠሪያ ማን ነገራት?»

«እኔ ነኛ! ስገጥማት በጣቴ አስተማርኳት።»

«እንግዲያ የምታውቀው ያንቺን ጣት ነው። እኔም አዲስ ጌታ ሲገዛኝ፣ ‘ሂጂ’ ሲለኝ ተራመጂ ይሁን ሩጪ እስክለየው ጊዜ ይፈጅብኛል። የእኔን ኮቴ አስተምሪልኝ!»

«አንቺ! ይህን ከየት አመጣሽው?» አለች ቀበሮ ደንግጣ፤ የመቆጣጠሪያዋንም የመማሪያ ቁልፍ ተጭና ያዘች።

አህያ ቃታውን ለቀቀችው፤ ማረፍ ይህ ነው ማለቷ ነው። «ጢጥ!» አለች መቆጣጠሪያዋ። ኮቴዋ እስከቻለው ድረስ ሳበችው፤ ሙሉ ይህ ነው። «ጢጥ!» ወደፊት ገፋችው፤ ፍሬን ይህ ነው። «ጢጥ!» እስቲ አስቡት፣ ነፍስ የሌላት ሳጥን የአህያ ኮቴ ስትማር! አህያ እንደገና ቃታውን ስትስብ መኪናዋ ከፊቷ ተሰወረች። የጦጣዎቹ ሳቅ አፋቸው ውስጥ ቀረ።

«ጊሩስ? ለአንቺም ትልቁን?» አለች ቀበሮ።

አህያ በትልቁ ጊር ጥቂት አስሮጠችና ሞተሩን በከንፈሯ ነካ አደረገችው። «እፍ! ይህማ በዝቷል። ከአቅሜ በላይ ጭነው ሲያስሮጡኝ እኔም እንዲህ ነው የምቃጠለው፤ ከውስጤ። አነስ ያለውን ስጪኝ።»

አነስ ያለውን ገጠሙ፣ ሞከሩ፣ እንደገና ነካችው። ለብ ብሏል። «ይኸው ልኩ» አለች።

የውድድሩ ዕለት አንበሳ አገሳ፣ መኪኖቹም ተነሱ። ከመነሻው አህያ ቀደመች፤ ሜዳው ሲረዝም ግን የጅብ መኪና እንደ ጥይት አለፈቻት።

«እመት አህያ! ልጅሽን አጥበሽ ጠብቂኝ!» እያለ ጅብ ዘለለ። የአህያ ዓይን ግን ከመኪናዋ አልተነቀለም።

ሰባተኛው ዙር ላይ የጅብ ሞተር ድምፁ ተለወጠ። የተቃጠለ ሽቦ ሽታ ሜዳውን ሞላው።

«ዝግ በል፣ አያ ጅቦ!» ብላ ቀበሮ ጮኸች።

«ዝም በይ! ገና መች ጠገብኩ!» ብሎ ቃታውን ይባስ ሳበው። ያቺ መቆጣጠሪያ ደከመኝ የምትልበትን አንደበት ራሱ አስቆርጧታል፤ እስከ መጨረሻው ታዘዘችው። ብልጭ አለች፣ ነጭ ጭስ ተፋች፣ ጸጥ አለች።

ያን ጊዜ ሐይቁን የከበበው አውሬ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ከጭሱ ውስጥ የአህያ መኪና እንደ ንብ እያዜመች ወጣች፤ በአንድ ድምፅ፣ በአንድ ልክ፣ አሥሩን ዙር ጨረሰች። ንጉሥ አንበሳ ሳያስበው ከተቀመጠበት ተነስቶ ቆሞ ነበር።

«ቀበሮ! ምን አደረግሽኝ?» ብሎ ጅብ አፈጠጠ።

«ያዘዝከኝን!» ብላ እየሳቀች አይጧን ፍለጋ ወደ መስኩ ሮጠች።

በማግስቱ ውርንጭላው ውኃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ይጠጣል። ጅብ በጥም ምላሱ ወጥቶ ከመስኩ ዳር ቆመ።

«እመት አህያ፣ እኔስ እንዴት ልሁን?»

«ትጠጣለህ እንጂ፣ አያ ጅቦ! ውኃ አይከለከልም። ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ሁሉ እያየህ፣ ልጄ ጠጥቶ ከወጣ በኋላ።»

ጅብም ጅራቱን ቆልፎ ተራውን ጠበቀ።

ከዚህ የምንማረው፣ ኃይል እስከ መጨረሻው የሚያገለግለው አብዝቶ ለጠየቀው ሳይሆን ልኩን አውቆ ለያዘው መሆኑን ነው።