ሽንኩርት የሚገባበት መንገድ

ምላሷ ከመቀሷ የሰላ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። እግሮቿ ስለማይታዘዙላት የምትንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። አንድ ቀን የእህቷን ልጅ ልትድር ወደ አንድ ዝነኛ ሆቴል ብትሄድ፣ እንደ ተራራ የቆመ የእብነ በረድ ደረጃ ከፊቷ ተገተረባት። ሊፍቱ ደግሞ የሚጀምረው ከደረጃው በላይ ነው።

ይህን ጊዜ የሆቴሉ ባለቤት አቶ ገበያው የክብር እንግዶቻቸውን አስከትለው ብቅ አሉ። ሴትዮዋን አየት አደረጉና፣ "በጓሮ በኩል አስገቧት! ሽንኩርትና ድንች የሚገባበት ለጥ ያለ መንገድ አለ አይደል?" ሲሉ ዘበኞቹን አዘዙ።

"ሽንኩርት እግር የለውም ብለው አዝነውለታል ማለት ነው!" አለች ሴትዮዋ። "እኔ ግን የመጣሁት ሰርግ ልበላ እንጂ ልከተፍ አይደለም።"

እንግዶቹ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። አቶ ገበያው ደማቸው ፈላ፤ በሰው ፊት አፏን ሊያስዘጓትም ፈለጉ።

"ስሚ አንቺ ሴትዮ! ይህ እኮ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ነው። አይደለም የምትዪ ከሆነ እዚሁ ተናገሪ!" ብለው ጮኹ።

ሴትዮዋ ደረጃውን ሽቅብ እያየች በትሕትና መለሰች፤

"ኧረ ጌታዬ፣ ማን ይክዳል? ኮከብማ ኮከብ ነው። ይኸው ከታች ሆኜ አየዋለሁ፤ ልደርስበት ግን አልቻልኩም።"