ፎቶው ላይ የሚፈሰው ውሃ

አንድ የውሃ ሹም ነበር። ሥራው ለጠማው ሕዝብ ውሃ ማድረስ ነው፤ ልቡ ግን ያለው ፎቶ ላይ ነበር። ቧንቧ መሬት ውስጥ ይቀበራል፣ ማንም አያየውም። ሪባን ሲቆረጥ ግን ይታያል። ስለዚህ ሹሙ ቧንቧውን ለሌሎች ትቶ እሱ መቀሱን ያዘ።

ይህ ሹም ለመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ አሠራ። ለወጉ ያህል አድራሻና ስልክ ቁጥር ተቀመጠበት፤ ዋናው ነገር ግን የፎቶ ጋለሪው ነበር። አንድ ጎበዝ ባለሙያ ተቀጠረ። ፎቶ የሚያነሳውም፣ ገጹ ላይ የሚሰቅለውም እሱ ነው። ፎቶዎቹን በእኩል መጠን ቆርጦ በረድፍ በረድፍ ደረደራቸው። አንዱን ሲነኩት ይተልቃል፣ ወደ ጎን ሲገፉት ሌላው ይመጣል፣ ከሥሩ የመንደሩ ስም ይነበባል። ሹሙ በየጠዋቱ ሻዩን እየጠጣ "ይሄኛው ትንሽ ይብራ፣ እዚያኛው ላይ ደግሞ እኔን ወደ መሃል አምጣኝ" እያለ ያዛል። በመሥሪያ ቤቱ መግቢያ አዳራሽም ትልቅ ስክሪን አሰቅሎ የጋለሪው ፎቶዎች ቀኑን ሙሉ እየተፈራረቁ እንዲታዩ አደረገ። ለጉዳይ የመጣ ባለጉዳይ፣ ጉዳዩ ባይፈጸምለትም ሹሙን ሪባን ሲቆርጥ አይቶ ይመለሳል።

የጋለሪው ሽፋን የአንዲት ሴት ፎቶ ነው። ይርገዱ ትባላለች፤ በአንድ ቆላ መንደር ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። ፎቶው ላይ ከአዲሱ ቦኖ ሥር ጎንበስ ብላ ውሃውን በእጇ ታፍሳለች። ውሃው ፊቷ ላይ ይረጫል፣ እሷ ጥርሷ እስኪታይ ትስቃለች፣ ሹሙ ከጎኗ ቆሞ ያጨበጭባል። ከሥሩ የመንደሯ ስምና "ከእንግዲህ ጥም የለም" የሚል ጽሑፍ አለ።

እውነቱን ልንገራችሁ። በዚያ የምረቃ ቀን ከጉድጓዱ የተዘረጋው ቧንቧ ጠብታ ውሃ አላመጣም ነበር። እንግዶቹ ከመድረሳቸው በፊት አንድ የውሃ ቦቴ መጥቶ የቦኖውን ማጠራቀሚያ ሞላው። ከዚያ ሪባኑ ተቆረጠ፣ እልል ተባለ፣ ይርገዱ ጠጣች፣ ባለሙያው ፎቶ አነሳት። እንግዶቹ ተሳፍረው ሲሄዱ ቦኖው እንደ አዛውንት ሳል ሳል አለና ደረቀ።

መንደሩ መጀመሪያ አልደነገጠም። ድሮም በየሳምንቱ ውሃ የሚያድላቸው ቦቴ ነበረና "ቦኖው እስኪጠገን ቦቴው አለን" አሉ። ቦቴው ግን ቀረ። ሳምንቱን ጠበቁት፣ ሌላም ሳምንት ጠበቁት፣ አልመጣም። ከብቱ ከሚጠጣበት ኩሬ መቅዳት ጀመሩ። ልጆቹን ተቅማጥ ያዛቸው፤ የይርገዱ ትንሿ ልጅ ከተኛችበት መነሳት አቃታት። ይርገዱ አስፋልት ዳር ወጥታ ወደ ሌላ መንደር የሚያልፈውን ቦቴ አስቆመችና ሹፌሩን ጠየቀችው።

"ምን በድለንህ ነው የቀረህብን?"

"እህቴ፣ እኔ ወደ ላኩኝ የምሄድ ሰው ነኝ" አላት። "ስምሪት የሚሰጡኝ ሰዎች ድረ ገጹን ነው የሚያዩት። ፎቶው የተሰቀለ መንደር ውሃ አግኝቷል ተብሎ ከስምሪት ይወጣል። የሹሙ ትእዛዝ ነው። የእናንተ ደግሞ ሽፋኑ ላይ ነው ያለው።"

ወሬው መንደር ሲደርስ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ይርገዱ አዞረ። "ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ሲባል እንሰማ ነበር፤ አንቺ ደግሞ እየሳቅሽ ውሃውን አስወሰድሽብን" አሏት። የቅርብ ጎረቤቷ እንኳ "በአንቺ ሳቅ ነው የተጠማነው" ብላ ሰላምታዋን ነፈገቻት። እስቲ ፍረዱ! ውሸቱን የሸረበው ሹሙ፣ የሰቀለው ባለሙያው፤ የተወቀሰችው ግን ጠምቷት የጠጣች ሴት። ይህን ሳወራ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ይርገዱ ልጇን ለእናቷ አደራ ሰጥታ፣ ባዶ ጀሪካኗን አንጠልጥላ፣ ፎቶዋን ሳታስወርድ ላትመለስ ቆርጣ ከተማ ገባች።

የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ገና ከሩቅ ለያት። "እንዴ! የስክሪኗ እመቤት! ይግቡ፣ ይግቡ እናቴ" ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣት። ቀና ስትል ራሷን አየች፤ በግድግዳው ላይ ገዝፋ ንጹሕ ውሃ ትጠጣለች። ከንፈሯ ደርቆ ነበርና ምራቋን ዋጥ አደረገች። ከዚያ ፎቶውን የሰቀለውን ሰው አሳየኝ አለችው፤ ዘበኛውም ወደ ባለሙያው ቢሮ ወሰዳት።

"ወንድሜ፣ ያንን ፎቶ አውርድልኝ" አለችው።

"ምነው እናቴ፣ አላማረዎትም? ከጋለሪው ሁሉ ሰው የሚወደው እኮ የእርስዎን ነው።"

"አምሮልኛል። ቦኖው ግን ደርቋል። ፎቶው እዚያ እስካለ ቦቴ አይመጣልንም፤ ልጆቻችን የኩሬ ውሃ እየጠጡ ነው።"

ባለሙያው አቀረቀረ። "ሽፋን ነው እኮ። እሱን ባወጣው ረድፉ ይጎድላል፣ ገጹ ይበላሻል። ደግሞ ያለ ሹሙ ፈቃድ መንካት አልችልም።"

"ረድፉ እንዳይጎድል ነው እኛ የምንጎድለው? ለመሆኑ ያን ቀን ቦቴውን አላየኸውም?"

"አይቼዋለሁ" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ ሹፌሩን ትንሽ ወደ ኋላ በልልኝ ያልኩት እኔው ነኝ።"

ይርገዱ ትታው ወደ ሹሙ ገባች። በምረቃው ቀን በእንግዶች ፊት "እርስዎ" ሲላት የነበረው ሰው ዛሬ ለብቻዋ ሲያገኛት "አንቺ" አላት።

"ቦኖው ደርቋል ነው የምትዪኝ? ማየት ማመን ነው። ይኸው ይፈሳል" ብሎ ስልኩን አውጥቶ ፎቶዋን ነካው፤ ፎቶውም ተለቀ። "ይኸው፣ አተልቄ አሳየሁሽ።"

"ጌታዬ፣ ቢያተልቁትም አይጠጣም።"

"የምትስቂው አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

"እኔ ነኝ። ሳቁስ እውነት ነበር። ውሸቱ ውሃው ነው።"

ሹሙ ፊቱ ተለዋወጠ። "ዛሬ ከሰዓት የበላይ እንግዶች ጋለሪውን ሊጎበኙ ይመጣሉ። ሥራ አታበላሺብኝ። ቦኖው ከተበላሸ ተራችሁን ጠብቁ፤ ፎቶው ግን ከቦታው አይነቃነቅም።"

ተራ ጠብቁ አለ! ልጅ ሊሞት ነው፣ እሱ ስለ ተራ ያወራል። ይርገዱ ግን ተራ መጠበቅ ምን እንደሆነ ከእሱ በላይ ታውቃለች። ተመልሳ አዳራሹ ገባች፤ ባዶ ጀሪካኗን ልክ ስክሪኑ ሥር፣ ውሃው ከሚፈስበት ትይዩ አስቀመጠች፤ ክዳኑንም ከፈተችና ከጎኑ ቁጭ አለች።

"እናቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?" አላት ዘበኛው ግራ ገብቶት።

"ወረፋ ይዣለሁ። ውሃው እየፈሰሰ ነው ብለውኛል። ሲደርሰኝ እቀዳለሁ።"

አዳራሹ ውስጥ የነበሩ ባለጉዳዮች ሳቁ። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ግን ሳቁን ቶሎ አቆመ፤ ስክሪኑ ላይ የይርገዱ ፎቶ አልፎ የሱ መንደር ቦኖ መጥቶ ነበር። እሱም የመጣው ቦኖው ስለደረቀ ነው። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" አለና ወጥቶ ከመንገዱ ማዶ ካለው ገበያ አሮጌ ጀሪካን ገዝቶ ተመለሰ፤ ከይርገዱ ጀሪካን ኋላ አስቀመጠው። ሌላዋ ሴት ተከተለች። ከዚያ ሌሎቹም። ጋለሪው መንደር ባሳየ ቁጥር አንድ ሰው ይነሳል። ከሰዓት በኋላ ቢጫዎቹ ጀሪካኖች ከስክሪኑ ሥር ጀምረው እስከ በሩ ተሰልፈው ነበር።

ሹሙ እንግዶቹን ሊቀበል ሲወርድ ይህን አየ። "አውጣ! ሁሉንም ውጭ ወርውር!" ብሎ ዘበኛው ላይ ጮኸ።

ዘበኛው ጎንበስ ብሎ የይርገዱን ጀሪካን እጀታ ያዘ፣ ግን አላነሳውም። በውሃ ወረፋ ያደገ ሰው ነው። እዚያ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፦ ባለቤቱ ቢቀመጥም ቢሄድም ባዶ ጀሪካኑ ቦታውን ይጠብቅለታል፤ የመንደሩ ጉልበተኛ እንኳ የሰው ጀሪካን ከወረፋ አያነሳም።

"ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ ቀና ብሎ። "ሌላ ዕቃ ቢሆን ባነሳሁት። ይሄ የሰው ወረፋ ነው፤ እንዴት ብዬ ልንካው?"

በዚህ መሃል እንግዶቹ ገቡ። ከፊት የነበሩት አንዲት ጠና ያሉ ሴት ጀሪካኖቹን አይተው "ይህ ደግሞ ምንድን ነው?" ሲሉ ጠየቁ። ሹሙ ዓይኑን አላሸም። "የጋለሪያችን አካል ነው፤ ሕዝባችን በውሃ ጥም የተሠቃየበትን ያለፈውን ዘመን እንዲያስታውስ ያዘጋጀነው ማሳያ ነው" አለ። ሰው እንዲህ ለመዋሸት ምን ያህል ልምምድ ያስፈልገዋል?

እንግዳዋ ግን ስክሪኑ ላይ ተራው ደርሶ የተመለሰውን የይርገዱን ፎቶ አዩ፣ ከሥሩ የተቀመጠችውን ሴት አዩ፣ እንደገና ስክሪኑን አዩ።

"ያቺ አንቺ አይደለሽም እንዴ ልጄ?"

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትጠብቂያለሽ?"

"ውሃ እማማ። ያን ቀን የጠጣሁት ቦቴ ያመጣውን ነው። ቦቴው ከፎቶው ውጭ ነበር። አሁን ፎቶው ስላለ ቦቴው አይመጣም፤ ልጄ በኩሬ ውሃ ታማ ተኝታለች።"

እንግዳዋ ወደ ሹሙ ዞረው "ጋለሪውን አይቻለሁ። አሁን ቦኖውን አሳየኝ" አሉት።

ሹሙ "ለክቡርነትዎ መንገዱ አይመችም፤ ዛሬውኑ እኔ ራሴ ሄጄ አስተካክላለሁ" ብሎ ማለ። እንግዳዋ "እንዳልከው ዛሬውኑ ይሁን" ሲሉት እዚያው ቦቴ አስሞልቶ ይርገዱንም አሳፍሮ ወደ ቆላው ወረደ። ፈርቶ እንጂ አዝኖ እንዳይመስላችሁ። ባለሙያውን ከነካሜራው ከቦቴው ፊት በሌላ መኪና አስቀድሞት ነበር።

ቦቴው መንደሩ ሲደርስ ሰው ጀሪካኑን ይዞ ወጣ። ሹሙ እጅጌውን ሰብስቦ ቱቦው ዘንድ ቆመ። "እናት፣ ቀድመው እርስዎ ይጠጡ" አላት ይርገዱን፤ ካሜራ ሲመጣ "እርስዎ"ም ተመልሶ መጣ። "እንደ ያን ጊዜው ይሳቁልን።"

ይርገዱ ልጇን ከቤት ታቅፋ አምጥታ ነበር። "አንድ ጊዜ ሳቅኩልህ፣ መንደር ተጠማ" አለችው። "ሁለተኛውን ለልጄ አስቀምጬዋለሁ።" ከዚያ ጀርባዋን ለካሜራው ሰጥታ ውሃውን በእጇ ቀዳችና ልጇን አጠጣቻት። ሰላምታ የነፈገቻት ጎረቤቷ አይታት ከጎኗ መጥታ እሷም ጀርባዋን አዞረች። ሌሎቹም ሴቶች እንዲሁ አደረጉ። ባለሙያው ካሜራውን ቢያነሳ የሚያየው ጀርባ ብቻ ሆነ። ያቺ ትንሽ ልጅ ስትጠጣ ይርገዱ መሳቅ አለመሳቋን ማንም በፎቶ አላነሳውም።

ባለሙያው ካሜራውን አወረደ። ሲመለስ ያለማንም ፈቃድ የጋለሪውን ሽፋን አወጣው፤ በምትኩም ምንም አልሰቀለም። ረድፉ ጎደለ። ስምሪት ሰጪዎቹ የመንደሯን ፎቶ ባጡት ጊዜ ቦቴውን በየሳምንቱ ለመንደሩ ይልኩ ጀመር። ሹሙ ገጹ ተበላሸ ብሎ ጮኸ፤ ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ጋለሪ ውስጥ እውነት የሚናገረው ያ ባዶ ቦታ ብቻ ነበር።

ወገኖቼ፣ ትምህርቱ ሩቅ አይደለም። የታየ ሥራና የተሠራ ሥራ አንድ አይደሉም። የደረቀውን ቦኖ እንደሚፈስ አድርጎ የሚሰቅል ሰው ገጹን ያሳመረ ይመስለዋል፤ ከሕፃን አፍ ውሃ መንጠቁን ግን አያይም። "እኔ የታዘዝኩትን ነው የሰቀልኩት" የሚለውም ቢሆን ቦቴውን ወደ ኋላ ያስባለው እሱ መሆኑን አይርሳ። ይህን ስታነቡ ሹሙን ብቻ አትርገሙ። እኛም በየገጻችን፣ በየመሥሪያ ቤታችን፣ በየማኅበራችን ፎቶ እንደረድራለን። እስቲ ከመስቀላችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ ከፎቶው ውጭ ወደ ኋላ በል ያላችሁት ምንድን ነው? እናንተ በሰቀላችሁት ሳቅ ምክንያት ዛሬ ጀሪካኑ ባዶውን የቀረው የማን ነው?