ጦጢት፣ ኪሮሽና የደንቡሼ ኮፍያ

ጆሯችሁን አቅርቡልኝ፤ ከአባቶቼ የሰማሁትን ልንገራችሁ። ድሮ፣ ብረትም ነፋስም ሲጠየቁ ይመልሱ በነበረበት ዘመን፣ ከአንድ ትልቅ ተራራ ሥር፣ በወንዝ ዳር ባለ ወይራ ላይ አንዲት ጦጣ ትኖር ነበር። ስሟ ጦጢት ነው።

ጦጢት መቀመጥ የማትችል ፍጥረት ነበረች። ቅርንጫፍ ላይ ጉብ ትላለች፣ ወዲያው ትነሣለች። ፍሬ ትቀጥፋለች፣ ግማሹን በልታ ግማሹን ትጥላለች። ወሬ ትጀምራለች፣ ሳትጨርሰው ሌላ ዛፍ ላይ ትታያለች።

ይህች ጦጢት ልጅ ወለደች፤ ስሙንም ደንቡሼ አለችው። ልጁ ግን ያለ ወሩ የተወለደ ነበርና እንደ ስሙ አልነበረም። ትንሽ፣ ቀጭን፣ ራሱ ላይ አንዲት ፀጉር ያልበቀለችበት ነበር። ደንቡሼ ያለችው እንዲደነብሽላት ተመኝታ ነው።

አንድ ቀን ነፋስ ከተራራው ወርዶ ወይራው ላይ ዐረፈና፣ «ጦጢት፣ ውርጭ ጉዞ ጀምሯል። ተራራው ጫፍ ላይ ጥዬው መጣሁ። አምና በዚህ ሲያልፍ ራሱን ያልሸፈነ ጨቅላ አልተረፈም» አላት።

ጦጢት ልጇን አዝላ ብድግ አለች። ቅጠል ራሱ ላይ ብታደርግለት ወደቀ። ሣር ብታደርግለት ኮሰኮሰው፣ አለቀሰ። ከዛፍ ወደ ዛፍ፣ ከዛፍ ወደ ምድር ስትንከራተት ወንዝ ዳር ደረሰች። እዚያ አሸዋው ላይ አንዲት ኪሮሽ ወድቃ አገኘች። ጫፏ እንደ መንጠቆ የታጠፈ፣ ቀጭን ብረት ናት። ልብስ ልታጥብ ከወረደች ሴት መቀነት ሾልካ እዚያው ቀርታለች።

ኪሮሽም ምን እንዲህ እንደሚያራውጣት ጠየቀቻት። ጦጢት ነገሩን ሁሉ አጫወተቻት። ኪሮሽ በሴትየዋ እጅ ብዙ ኮፍያ ሠርታለችና፣ «እኔ ሙያ አለኝ፣ እጅ ግን የለኝም። አንቺ እጅ አለሽ። ክር አምጪና ላስተምርሽ» አለቻት።

በጊት የምትባል በግ በየቀኑ እዚያ ትግጥ ነበርና ፀጉሯ እዚያ ባለ የቀጋ ቁጥቋጦ እሾህ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ጦጢት ያንን ለቃቀመች፣ ጭኗ ላይ እያሸች ፈተለችው፣ ክርም ሆነ።

ኪሮሽንም ይዛ ወይራው ላይ ወጣች፤ ኪሮሽ ማስተማር ጀመረች። ኮፍያ ከአናት ተጀምሮ ወደ ታች እንደሚወርድ ነገረቻት። መጀመሪያ ትንሽ ቀለበት፣ ከዚያ ቀለበቱን እየዞሩ በክሩ ውስጥ ክር መሳብ፣ በየዙሩም ማስፋት። የልጁን አናት ሲያህል ማስፋቱን መተውና ቀጥ ብሎ መውረድ። እየሠሩም ራሱ ላይ መለካት። ጦጢት ግን «ማስፋት» የሚለውን እንደ ሰማች ተነሥታ ሄዳለች፤ የቀረውን ኪሮሽ ለወይራው ነበር የነገረችው።

ጦጢት ሠራች። ዞረች፣ አሰፋች። ዞረች፣ አሰፋች። ደንቡሼ ጀርባዋ ላይ ታዝሏልና ራሱን አላየችውም። ስትጨርስ በእጇ የያዘችው ሰፌድ የሚመስል ነገር ነው። ልጁ ራስ ላይ ብትጥለው ነፋስ ከሥሩ ገብቶ አነሣው።

ነፋስም፣ «ውርጭ ተራራው ወገብ ላይ ካለው የጽድ ጫካ ደርሷል» ብሏት አለፈ።

ኪሮሽ የተሠራውን ፈትታ እንደገና እንድትጀምር መከረቻት። ጦጢት ተቆጣች። ጣቶቿ እስኪቆስሉ የለፋችበትን እንደማትፈታው ተናግራ ሰፌዱን ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለችው።

ቀጋው ላይ ፀጉር አልቋል። ስለዚህ ወደ በጊት ሮጠች፣ ለመነቻትም። በጊት ልጁን አይታ አዘነች፤ ከጎኗ አስነጭታ ሰጠቻት። «ውሰጂ፣ እህቴ። ከዚህ በላይ ግን አትለምኚኝ። ውርጭ የኔንም ገላ ያውቀዋል» አለቻት።

አሁን ጦጢት ማስፋት ፈራች። ጭራሽ ሳታሰፋ ዞረች፣ ክሩንም በጭንቀት እየጎተተች አጠበቀችው። ክሩ እንዳነቀችው ነገራት፤ አልሰማችውም። ዐይኗ ተራራውን እያየ፣ እግሯ ቅርንጫፉን እየመታ ነበር። ስትጨርስ የወጣው እንቁላል እንኳ የማያስገባ፣ እንደ ቀንድ የቆመ ነገር ሆነ። በግድ ብትደፋበት ደንቡሼ ጮኸ።

ነፋስ እያለከለከ መጣ። «ውርጭ ከወንዙ ማዶ ተቀምጧል። ዛሬ ፀሐይ ስትጠልቅ ይሻገራል።»

ጦጢት ወደ ቀጋው ሮጠች፤ ባዶ ነው። ወደ በጊት ሮጠች፤ በጊት ወደ በረቷ ገብታለች። ወደ ወይራው ተመለሰችና፣ «ክር የለኝም። ልጄ ሊሞትብኝ ነው» አለች።

«ክር አለሽ» አለች ኪሮሽ። «ሁለት ስሕተት ሙሉ ክር አለሽ።»

«ከፈታሁት እኮ ባዶ እጄን ቀረሁ። አሁን ቢያንስ የሠራሁት ነገር አለ።»

«የሠራሽው ነገር የልጅሽን ራስ አይሸፍንም፣ ጦጢት።»

ጦጢት ፀሐይዋን አየች፣ ደንቡሼን አየች። ከዚያ የሰፌዱን ጫፍ ይዛ ሳበችው። ያን ያህል የለፋችበት ትር ትር እያለ በአንድ አፍታ ተተረተረ። ቀጥላ ያንን ቀንድ ፈታችው። ክሩ ተጨማዶ ነበርና ለሥራ ያልበቃ መሰላት፤ ክሩ ግን፣ «ተጨማደድኩ እንጂ አልተበጠስኩም፣ ቀጥይ» አላት።

ከዚያ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። እግሯ ሊነሣ ሲል ጅራቷን ቅርንጫፉ ላይ ጠምጥማ ራሷን አሰረች። አንድ ዙር ሠርታ ለካች። ጠበበው፣ አሰፋች። ለካች። ልጁ ክሩን እየጎተተ አስቸገራት፤ ታገሠችው። አናቱን ሲያህል ማስፋቷን ትታ ቀጥ ብላ ወረደች። በአንዱ በኩል ስታ ነበርና ያንን ዙር ያለ ቁጣ ፈትታ ደገመችው። ነፋስ ጆሮዋ ሥር «መጣ፣ ደረሰ፣ ሊሻገር ነው» ይላት ነበር። ቀና አላለችም።

የመጨረሻውን ክር ስትቋጥር ፀሐይ ጠለቀች። ኮፍያው ጠማማ ነው፤ ግራውን ጆሮ ይሸፍናል፣ ቀኙን እስከ ግማሽ ብቻ። ጦጢት የቀረውን በመዳፏ ሸፈነችለት።

ውርጭ ተሻገረ። ሣሩን ነካ፣ ሣሩ ነጣ። ቅጠሉን ነካ፣ ቅጠሉ ጠቆረ። ወይራው ላይ ወጥቶ የልጁን ራስ ዳሰሰ፤ ገላ ፈለገ፣ ያገኘው ግን በክር ውስጥ ክር ነው። መግቢያ ቢያጣ መንገዱን ቀጠለ።

ሲነጋ ኮፍያው በላዩ አመዳይ ለብሶ ነበር። ጦጢት እጇን ከሥሩ ሰደደች። ሞቋል። ደንቡሼም እጇን ያዘና ጣቷን መጥባት ጀመረ።

ክረምትና በጋ ተፈራረቁ፤ የደንቡሼ ራስ በፀጉር ተሸፈነ፣ ጉንጩም ሞላ። አንድ ቀን አንዲት ወጣት ጉሬዛ ማርገዟን ነግራ ሙያውን እንድታስተምራት ጦጢትን ለመነቻት። ጦጢት ኪሮሽንና ክር ሰጠቻት፣ ቀለበቱን አሳየቻት፣ ጥቂት ዙርም አሠራቻት። ጉሬዛ ደስ ብሏት ያማረውን ሥራዋን ብድግ አድርጋ አሳየቻት።

ጦጢት አገላብጣ አየችውና፣ «ጥሩ ነው። አሁን ፍቺው» አለቻት።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ እንዲህ ይባላል፦ መፍታት የፈራ እጅ፣ መሥራት አይለምድም።