ቅጣት የተመኘው ዕድርተኛ

አንድ ይርዳው የሚባል ሰው በአንዲት ትንሽ ከተማ ይኖር ነበር። ሰው በጎረቤቱ ቤት ይቀናል፣ በጎረቤቱ በሬ ይቀናል፣ በጎረቤቱ ልጆችም ይቀናል። ይርዳው የቀናው ግን ማንም በማይቀናበት ነገር ነው። ጎረቤቱን ሲቆጡት አይቶ ቀና። ነገሩ ያስቃል፤ እስኪ ከመሳቃችን በፊት እንስማው።

ይርዳው ከመታመሙ በፊት የሰፈሩ ዕድር ድንኳን ተካይ ነበር። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፣ ዕድርተኛው ይሰበሰባል፣ እሱና ጓደኞቹ ቋሚውን አቁመው ገመዱን ይወጥራሉ። አንድ ክረምት ግን አእምሮው ታመመ። ሌላው የማይሰማው ድምፅ ይሰማው ጀመር፤ እንቅልፍ አጣ፤ ከሰው ሸሸ። ቤተሰቡ ጠበልም ሆስፒታልም ይዘውት ዞሩ። ብዙ ቆይቶ በመድኃኒት እየተረዳ ተሻለው። አልፎ አልፎ ክፉ ቀን ይመጣበታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጓሮውን ይኮተኩታል፣ ገበያ ይወጣል፣ ከሚስቱ ከአልጋነሽ ጋር ይጨቃጨቃል። እንደ ማንኛውም ሰው ማለት ነው።

ሲሻለው ዕድሩ በደስታ ተቀበለው። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ እንግዳው ደግ ሰው ናቸው። በስብሰባ ላይ ተነስተው፣ "ይርዳው ብዙ ተሠቃይቷል። ከእንግዲህ ከዕድር ሥራ ሁሉ ነፃ ነው። ማንም እንዳያዘው፤ ቢቀርም እንዳይጠየቅ" ብለው ወሰኑ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ይርዳውም እጅ ነስቶ አመሰገነ።

ምስጋናው ግን እስከ መጀመሪያው ቀብር ድረስ ነበር። ጡሩምባው ሲነፋ ቀድሞ ደርሶ ቋሚውን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል አንዱ ከእጁ ተቀበለው። "ተው እንጂ ይርዳው፣ አንተ ዕረፍ።" ወስደው ወገባቸው ከጎበጠ ሽማግሌዎች ጋር አግዳሚ ላይ አስቀመጡት። ንፍሮ ሲመጣ መጀመሪያ ለእሱ ተሰጠ። ሴቶቹ አይተውት ከንፈራቸውን መጠጡ። የሚያናግረው ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ የተኛ ሕፃን ያለበት ቤት የገባ ይመስላል። ይርዳው ንፍሮውን ቢያኝከው ቢያኝከው አልዋጥ አለው።

በዕድሩ ውስጥ ዘለቀ የሚባል ሰው አለ። ዘለቀ በሰዓቱ የደረሰበት ቀብር የለም። ያን ቀንም ድንኳኑ ከተተከለ በኋላ እያለከለከ ብቅ አለ። ጋሽ እንግዳው ገና ከሩቅ ጀመሩት።

"አንተ ዘለቀ! ሟቹ ቁጭ ብሎ አንተን ይጠብቅ?"

"ጫማዬ ጠፍቶብኝ ነው ጋሼ።"

"እግርህ ላይ ያለው ታዲያ የማን ነው? በል፣ ዛሬ አግዳሚውን ሁሉ ተሸክመህ የምትመልሰው አንተ ነህ!"

ዕድርተኛው ለቀስተኛው እንዳይሰማ አፉን ይዞ ሳቀ። ዘለቀም አንገቱን እያከከ አብሮ ሳቀ። ይርዳው ግን አልሳቀም። ምን እንደነካው መጀመሪያ ለራሱም አልገባውም፤ ቆይቶ ሲገባው አፈረ። በዘለቀ ቀንቶ ነበር። ያ ሰነፍ፣ ያ ቀጣፊ፣ ሲዘገይ የሚቆጣው ሰው አለው!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅናቱ አላስቀምጥ አለው። ዘለቀን መንገድ ላይ ሲያገኘው ፊቱን ያዞርበታል። ዘለቀ አግዳሚ ተሸክሞ ሲያማርር ሲሰማ ጥርሱን ይነክሳል። በመጨረሻ እሱም ሆን ብሎ ለመዘግየት ወሰነ። በሌላ ቀብር ሰው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ ቀስ ብሎ መጣና ጋሽ እንግዳው ፊት ቆመ። እሳቸው ግን ብድግ ብለው፣ "እንኳን መጣህ ልጄ፣ ና እዚህ ጋ ተቀመጥ" አሉት። ይርዳው በዚያ ደግነት የተቃጠለውን ያህል በስድብ ተቃጥሎ አያውቅም።

ቀጥሎ የጎረቤት ቀብር ሲሆን ጭራሹን ቀረ። ጤነኛ ነበር፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጣራውን ሲያይ ዋለ። አልጋነሽ ከለቅሶው ስትመለስ ዕድሩ የላከለትን ምግብ ይዛ ገባች።

"ስለ መቅረቴ ምን አሉ?" አላት።

"ምን ይላሉ? ምንም። ዘለቀ ግን እሱም ቀርቶ ኖሮ ጋሽ እንግዳው አበዱ። እሑድ ስብሰባ ላይ ቆሞ ይጠየቃል።"

ይርዳው ሳህኑን ገፋው። "ለዘለቀ ያለው ለእኔ የማይኖረው ለምንድን ነው?"

"ሰው በቅጣት ይቀናል? ጤናህ ነው?" አለችና ከአፏ ያመለጣት ነገር አስደነገጣት።

"ጤናዬ ነው" አለ ይርዳው። "ደህና ባልሆንማ መች ይሰማኝ ነበር? እሑድ እሄዳለሁ። መልስ ካላገኘሁ ከዕድሩ እወጣለሁ።"

በዚያች ከተማ ከዕድር መውጣት ማለት ለብቻ ኖሮ ለብቻ ለመቀበር በራስ ላይ መፍረድ ነው።

እሑድ ዘለቀ ጉባኤው ፊት ቆሞ እንደ ልማዱ ሰበብ ሲደረድር ይርዳው ከአግዳሚው ተነሳና አጠገቡ ቆመ።

"እኔም ቀርቻለሁ" አለ።

"ተቀመጥ ልጄ" አሉ ጋሽ እንግዳው። "አንተ ታመህ ነው።"

"አልታመምኩም። ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው የቀረሁት።"

"ቢሆንም፣ ለአንተ ቅጣት የለም። ነፃ ነህ ብለናል።"

ዘለቀ ሳቀና፣ "ካማረውማ የእኔን ይውሰድልኝ" አለ።

"የአንተን አይደለም የምፈልገው፤ የራሴን ነው" አለ ይርዳው። "ጋሼ፣ ዘለቀ ሲቀር 'ሰው ጎደለ' ብለው ይቆጣሉ። እኔ ስቀርስ ማን ጎደለ? ሲያመኝ ሲያመኝ እነግራችኋለሁ፤ ያን ቀን ማሩኝ። በደህና ቀኔ ግን ለምን ትምሩኛላችሁ? እስከ ዛሬ በዚህ ሰውዬ ስቀና የኖርኩት እኮ ስለምትቆጡት ነው።"

ከንፈር የመጠጠ ሰው አልነበረም። ዘለቀ ሳቁን ዋጠ። ጋሽ እንግዳው ደግነታቸው ምን እንዳደረገ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በዱላቸው መሬቱን መቱና ጮኹ።

"ይርዳው! ጎረቤትህ ሲቀበር አንተ ቤትህ ተኝተህ ትውላለህ? አታፍርም? ይህን ሁሉ ድንኳን የሚተክልልህ ማን መስሎህ ነው? በሚቀጥለው ቀብር ቋሚውንም አግዳሚውንም ከዚህ ከሰነፍ ጋር ትሸከማለህ!"

"እሺ ጋሼ። አጥፍቻለሁ" አለ ይርዳው፤ እንባውም ወረደ። ከታመመ ወዲህ ማንም ሰው እንዲህ ተቆጥቶት አያውቅም።

በሚቀጥለው ቀብር ሁለቱ አንድ ረጅም አግዳሚ ፊትና ኋላ ይዘው ሲሄዱ ታዩ። ዘለቀ ከኋላ፣ "ቀስ በል እንጂ ሰውዬ፣ ትከሻዬን ገነጠልከው!" ይላል። ይርዳውም፣ "ዝም ብለህ ተሸከም!" ይለዋል። ቅናቱ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።

ወዳጄ፣ አእምሮው የታመመን ሰው እንወዳለን ስንል ብዙ ጊዜ የምናደርገው ምንድን ነው? እናበላዋለን፣ እናሳርፈዋለን፣ ይቅር እንለዋለን። ሥራውን ግን ከእጁ እንወስዳለን፤ ከሥራው ጋርም ቦታውን። ሰው በማኅበሩ ውስጥ ቦታ አለው የሚባለው ሲገኝ የሚሠራው፣ ሲቀርም የሚጠየቅበት ነገር ሲኖረው ነው። በክፉ ቀኑ እንደግፈው፤ በደህና ቀኑ ድርሻውን እንስጠው።

በአንተስ ሰፈር፣ በአንቺስ ዕድር፣ ቢቀር "የት ነበርክ?" ብሎ የሚቆጣው ያጣ ሰው ማን ነው?