የአያ ደምለው ምሳ

«ሽንኩርትሽ ገና ጥሬ ነው!»

«የአንቺው አርሮ የለም እንዴ! ሽታው ወንዝ ተሻግሯል።»

ዛሬ እየሳቅን የምንተርታት አንዲት አባባል የተወለደችው ከዚህ ጭቅጭቅ ነው። ያን ዕለት ግን የሳቀ አልነበረም።

የሚጨቃጨቁት ወለላና ደብሪቱ የሁለት ወንድማማቾች ሚስቶች፣ የእሜት ላቀች ምራቶች ነበሩ። በሰርጉም በተዝካሩም ዶሮ ወጥ የሚሠሩት እነሱ ናቸው፤ ማን እንደምትበልጥ ግን አልተቆረጠም። በዚያ ሰሞን የአገሩ ገዥ ልጁን ሊድር አስቦ የሰርጉን ወጥ ቤት የምትመራ ባለሙያ ያፈላልግ ነበር።

ረፋዱ ላይ የእሜት ላቀች ታላቅ ወንድም አያ ደምለው ከጨው ነጋዴ ጓደኞቻቸው ጋር ሲያልፉ እኅታቸው ቤት ጎራ አሉ። ነጋዴዎቹ በቅሎዎቻቸውን ወንዝ ዳር አሳርፈዋል፤ ፀሐይ በረድ ስትል ይነሳሉ። አያ ደምለው ከስተው፣ ፊታቸው ገርጥቶ ነበር።

«ላቄ፣ እናታችን ትሠራት እንደነበረችው ያለች ሽሮ አለችሽ?» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «የመኳንንቱ ቅባት ሆዴን አቃጠለው። መንገዱን ሁሉ እሷን ሳስብ ነው የመጣሁ።»

ሽሮዋ እሳት ላይ ነበረች። እሜት ላቀች ገበታ ሊያቀርቡ ሲነሱ ወለላ ከጓዳ ብቅ አለች።

«እሜቴ፣ ይህን የመሰለ እንግዳ በሽሮ? አገር ምን ይለናል! እሳቸው በገዥው ግብር የሚቀመጡ ሰው ናቸው። የእኔንና የደብሪቱን ወጥ ቀምሰው ይፍረዱን!»

«ይፍረዱን!» አለች ደብሪቱም። በሌላ ነገር ተስማምተው አያውቁም።

«እስከዚያ ታዲያ ከሽሮዋ ትንሽ ይቅመስ» አሉ እሜት ላቀች።

«ዳኛ ጠግቦ ምን ሊፈርድ!» ብላ ወለላ የሽሮዋን ድስት ከጉልቻው አወረደች።

እሜት ላቀች አፋቸው ላይ የመጣውን ዋጡት። የምራቶቻቸው ሙያ ሲወራ እሳቸውም ደስ ይላቸው ነበር።

ዶሮዎቹ ታረዱ። ወለላ ብልቱን በሎሚና በጨው ደጋግማ አጠበች፤ ደብሪቱ አላንስም ብላ ውኃ በላይ በላዩ አስቀዳች። አንዷ ሽንኩርቷን ስታቁላላ ሌላይቱ መጥታ ታሸታለች። አንዷ ቅመም ስትጨምር ሌላይቱ ያወረደችውን መልሳ ትጥዳለች። አያ ደምለው ሆዳቸውን ይዘው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ይጠብቃሉ።

«ደረሰ እንዴ፣ ልጆቼ?»

«ቅቤው እስኪንሳፈፍ ነው፣ አያ! አሁን!»

ፀሐይ በረደች። ከወንዙ ዳር የነጋዴዎቹ ጥሪ ተሰማ። አያ ደምለው ዱላቸውን አነሱ።

«ሽሮዋን ላሙቅልህ?» አሉ እኅታቸው በሹክሹክታ።

«ጓዙ ተጫነ እኮ፣ ላቄ። ያን በረሃ ብቻዬን አልገባበትም። ስመለስ ትሰጪኛለሽ።»

አልተመለሱም፤ ክረምቱ ሳይገባ መርዷቸው መጣ።

ያን ዕለት ግን ሲወጡ ከምድጃው ቀና ብሎ ያያቸው አልነበረም። እሜት ላቀች እስከ አጥሩ ሸኝተው ሲመለሱ፣ ምራቶቻቸው ወጣቸውን እንደያዙ «እኔ ልቅደም፣ እኔ ልቅደም» እያሉ ይገፋፉ ነበር። አሮጊቷ ከቀዘቀዘችው ሽሮ አጠገብ ቁጭ አሉና፣ «ሙያ ሲወዳደር፣ እንግዳ ጦሙን ያድር» አሉ።