ጅቦች ያጩት አህያ

በአንድ የቆላ ጫካ አንዲት ምንጭ ነበረች። ማን በየትኛው ሰዓት እንደሚጠጣ የሚወስነው የውሃ ዳኛም በየዓመቱ በሕዝብ ድምፅ ይመረጥ ነበር። ድምፅ ተሰረቀ ብሎ ያማ የለም። ዕጩዎቹን የሚያቀርበው ግን የጅቦች ሸንጎ ስለሆነ፣ ዘንድሮ አያ ጅቦና ወንድሙ ከተወዳደሩ ለከርሞ አያ ጅቦና አማቹ ይወዳደራሉ። ሕዝቡም በሙሉ ነፃነት ከሁለት አንዱን ይመርጣል። ሊጠጣ ወርዶ የቀረውን ግን ቤቱ ይቁጠረው።

ውርንጭላው ከምንጩ ሳይመለስ የቀረበት አህያ አንድ ቀን በጉባኤ ተነሥቶ፦

«መራጮቹ እናንተ ናችሁ ትሉናላችሁ። ከሁለት ጅብ አንዱን ምረጡ ማለት ግን በማን ጥርስ መሞት ትወዳላችሁ ማለት ነው። ዕጩውንም እኛው እናቅርብ!» አለ።

ጉባኤው በጩኸት ደገፈው። አያ ጅቦ ጥቂት አሰበና፣ «ይሁን። እኛም ሕዝብ ነንና አብረን እናጫለን» አለ። ፍትሐዊ ጥያቄ ስለነበር እምቢ የሚል ጠፋ።

የማጨቱ ቀን ሲደርስ መጀመሪያ የተነሣው አያ ጅቦ ነው።

«እኔ አህያን አጭቻለሁ! ደረተ ሰፊ፣ ታፋው የሞላ፣ ሽንጡ የወፈረ! እንዲህ ያለ ዳኛ ከወዴት ይገኛል? ማታ ማታ ከምንጩ ዳር ብቻውን ይቀመጥልን!»

ጅቦች አጨበጨቡ። በጎች ዕርቅ የወረደ መስሏቸው አለቀሱ። በአደባባይ ተመስግኖ የማያውቀው አህያም ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ቆመ።

እመት ጃርት ተጠግታ፣ «ወንድሜ፣ ስለ ፍርድ ዐዋቂነትህ አንድ ቃል ተናገረ?» አለችው።

«የለም።»

«ታዲያ ስለ ምንህ ተናገረ?»

አህያ ዞሮ ታፋውን አየ። ጆሮው ወደቀ። ከዚያም ወደ ፊት ወጣና፦

«ስላከበራችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ። የታጨው ግን ታፋዬ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። እኔ እመት ጃርትን አጭቻለሁ» አለ።

አያ ጅቦ ከመቀመጫው ዘለለ። «እሷማ... እሷማ አትመችም!»

«ለማን?» አለ አህያ።

እመት ጃርት ታጨች፣ ተመረጠችም።

«ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይጠጣል» ብላ ደነገገች። በማግስቱ አህያ ቀድሞ ደረሰ፤ አያ ጅቦ ከኋላው ተሰለፈ። አህያ ጠጣ፤ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፤ ደግሞ ጠጣ። አያ ጅቦ ከንፈሩን ይልስ ነበር። ከውሃ ጥም ይሁን ከረሃብ የጠየቀው የለም። እመት ጃርት ግን እሾኋን አቁማ ከመሐላቸው አልተነቃነቀችም።