የተዘለለችው ሽታዬ

በአንድ ወቅት፣ ሰው ከመታጨቱ በፊት አያቶቹ በሚታጩበት ዘመን፣ ከዓባይ ማዶ ሁለት ቤቶች ነበሩ። የፊታውራሪ አድማሱ ቤት ስም እንጂ እህል አልነበረውም። የነጋድራስ ምትኬ ቤት ደግሞ እህልም ጨውም በቅሎም ሞልቶት ስም ይርበዋል። እንዲህ ያሉ ቤቶች መፈላለጋቸው አይቀርም። ፊታውራሪ በሞቱ በዓመቱ የነጋድራስ ልጅ ጓንጉል የፊታውራሪን ትንሿን ልጅ አትጠገብን ጠየቀ። ልጆቹ ደግሞ ይዋደዱ ነበር፤ ያኔ ይሄ ትርፍ ነገር ነው፣ ግን ነበረ።

የአትጠገብ ታላቅ እህት የውብዳር ቀድማ ለግራዝማች ቸኮል ልጅ ተድራለች። ግራዝማች አጥንቱን የሚቆጥር ሰው ነው፤ ሲያስነጥስ እንኳ የሚጠራው አያቱን ነው። የውብዳር ወንድ ልጅ ወልዳ ታጠባ ነበር። ሁለቱን እህቶች እናታቸው ስትሞት ያሳደገቻቸው አክስታቸው፣ የፊታውራሪ እህት ወይዘሮ አስካለ ናት፤ እሷ ራሷ ሳታገባ የቀረች።

ሕጉን ታውቁታላችሁ። ሰባት ቤት ያልሞላ ዘመድ አይጋባም። ነጋድራስም በአንዲት አያቱ በኩል እንደ ፊታውራሪ ቤት ከደጃች ምዕራፍ ይወለዳል፤ ስለዚህ ትውልዱ ይቆጠር ተባለ። ቆጣሪው አለቃ ድንቁ ነበሩ፤ የአገሩን ዘር ሁሉ በቃላቸው የያዙ ሽማግሌ።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ ሁለቱም ቤቶች ተሰበሰቡ። በጓንጉል በኩል ሰባት ሞላ። ቀጥለው አለቃ፣ «ደጃች ምዕራፍ ተድላን ወለደ፤ ተድላ ጎሹን ወለደ» እያሉ ወርደው አትጠገብ ላይ ሲደርሱ ስድስት ሆነ። በስድስት ሰርግ የለም።

አለቃ ግን አንድ ስም ዘለዋል፤ እያወቁ ነው የዘለሉት። ጎሹ የተድላ የልጅ ልጅ እንጂ ልጅ አይደለም። ተድላ ከአንዲት ሸክላ ሠሪ ሴት ሽታዬ የምትባል ልጅ ወልዶ ነበር። ሽታዬም እንደ እናቷ ጭቃ ስታቦካ ኖረች። የእሷን ልጅ ጎሹን ግን አያቱ ወስዶ አሳደገው፣ በራሱም ስም አስጠራው። ሰው ሸክላ ሠሪን ቡዳ ነው እያለ ይሸሽ ነበርና እናቲቱን ማንም አልፈለጋትም፤ ከቆጠራው ወጥታ ቀረች። ፊታውራሪ ሊሞቱ ሲያጣጥሩ አለቃን፣ «ያቺ ስም ከአፍዎ ከወጣች የውብዳር ከባሏ ቤት ትባረራለች» ብለው በመስቀል አስማሏቸው። እንግዲህ አትጠገብ ፊታቸው ቆማ ስታለቅስ ያ መሐላ ያዛቸው። ሆድ ይፍጀው ብለው ዳዊታቸውን ከደኑ።

ያኔ ወይዘሮ አስካለ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። እሷንም በልጅነቷ ልትዳር ስትል ከደጃች ምዕራፍ አባት ጀምረው ቆጥረው፣ ሽታዬን ዘለው፣ በስድስት አስቀርተዋታል። የምትወደው ሰው ሌላ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ሞቷል። የሽታዬን ስም እናቷ የነገረቻት በሞት አልጋ ላይ ነው፣ የአስካለ ጠጉር ከሸበተ በኋላ።

«አለቃ፣ አንድ ሰው ጎድሎብዎታል» አለች።

«ይተዉ እመቤቴ። ቢቀር ይሻላል።»

«እኔ ላይ ቀርቶ አይቼዋለሁ። በተድላና በጎሹ መሃል ሽታዬ አለች፣ ሸክላ ሠሪዋ። አሁን ይቁጠሩ።»

ሰባት ሞላ። ነጋድራስ ምትኬ ሳቀና፣ «እኔ በአህያ ጭነት የከበርሁ ሰው ነኝ፤ ገንቦ አያስደነግጠኝም» አለ። ሰርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወሬው ሳምንት ሳይሞላው ግራዝማች ደጅ ደረሰ።

የውብዳርን በእግሯ ሰደዷት። ልጁን አስቀሩት፤ የሸክላ ሠሪ ደም ከእናት ወደ ልጅ የማይሻገር መሰላቸው። የአባቷ ቤት ስትደርስ ጡቷ አግቶ ቀሚሷ ርሶ ነበር። እኔ ይሄን ባወራሁ ቁጥር እዚች ላይ ልቤ ይደክማል።

ሽማግሌ ተላከ። ግራዝማች አንድ ቃል መለሰ፦ «ሰርጉ ይቅር፤ ቆጠራው በስድስት ይጽና። ሴትዮዋ ዘባረቀች እንላለን፤ ሚስትም ልጅም ይገናኛሉ።»

አስካለ፣ «ዋሸሁ ብዬ አልምልም፤ ዝም ማለት ግን እችላለሁ። የሚቀረው ሰርግ የአትጠገብ ነው፣ እሷ ትናገር» አለች።

አትጠገብ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። ጓንጉል መልእክት ላከባት፦ «ከቀረሽ አልቀየምሽም፤ ሌላ ግን አላገባም» የሚል። በአራተኛው ቀን እህቷ እግር ስር ተቀመጠች።

«ልቅር?» አለቻት።

የውብዳር ቅሪ ማለት አልሆነላትም፤ ሂጂ ማለትም አልሆነላትም። አትጠገብ እስኪመሽ ጠበቀች። ከዚያ አክስቷን አየች፤ ባዶ ቤት ያረጀችውን ሴት። በዳግማይ ትንሣኤ ተዳረች። በቅሎዋ በወጣችበት በር ስር የውብዳር ቆማ ነበር።

ሕፃኑ የሌላ ሴት ጡት አልይዝ አለ። የላም ወተት አልስማማው አለ። በሰኔ ሚካኤል ማግስት ሞተ። እናቱን ለቀብር እንኳ አልጠሯትም።

የውብዳር ክረምቱን ሙሉ ከእህቷም፣ ከአክስቷም፣ ከአለቃም ጋር ማዕድ አልቆረሰችም። መስቀል ሲያልፍ ሽማግሌዎች ለእርቅ መጡ። በአገሩ ወግ የበደለ ሰው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ፣ ከተበደለው እግር ይወድቃል። እሷም አንድ ድንጋይ ራሷ አንከባልላ አመጣችና ግቢው መሃል አስቀመጠች።

«እታረቃለሁ፤ ግን አንድ ሰው ብቻ ይሸከመው። ሦስት ሰው ከተካፈለው ማንም አልተሸከመውም» አለች።

አለቃ ድንቁ ከዘራቸውን ጥለው ጎንበስ አሉ። «የእኔ ነው። ለአስካለ ቀድሜ በጓዳ ብነግራት ኖሮ መላ እንፈልግ ነበር። እኔ ዝም ስል ነገሩ አደባባይ ወጣ።»

ወይዘሮ አስካለ እጃቸውን ያዘች። «የእኔ ነው። የሌላዋ ልጄ ቤት እንደሚፈርስ እያወቅሁ አፌን ከፈትሁ። የራሴም ቁጭት ነበረበት፣ አልዋሽም።»

አትጠገብ ከኋላ መጣች፤ እርግዝናዋ ይታያል። «እናንተ አንዳችሁም ልጁን መመለስ አትችሉም ነበር። እኔ እችል ነበር» አለችና ድንጋዩን አቀፈች።

ሦስት ሰው፣ አንድ ድንጋይ። የውብዳር እያየቻቸው አለቀሰች፤ ሦስቱንም ትወዳቸዋለችና።

አውቃለሁ፣ ግራዝማች ይሸከም ትሉኛላችሁ። እሱማ ለሸክላ ሠሪ ዘር አንገቱን አይሰብርም፤ ወደ ደጇም አልመጣም። ፊታውራሪስ ብትሉኝ፣ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ። እኔ የምጠይቃችሁ ከመጡት ነው። አንዱ በመሐላ ዝም አለ፣ አንዷ እውነት ተናገረች፣ አንዷ የምትወደውን አገባች፤ ሕፃኑም ሞተ። የውብዳር እስካሁን ደጇ ላይ ቆማ እየጠበቀች ነው። ተረቴን አትመልሱልኝ፤ ፍርዱን መልሱልኝ፦ ድንጋዩን ማን ይሸከም?